ከሬዞናንስ ሰርኪዩት ትርፍ ኢነርጂ ፍለጋ፦ የወርክሾፕ የሥራ ማስታወሻ

መነሻው

በወርክሾፓችን የሚሠራ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ሁለት የፍሎረሰንት ባላስቶችን (በብረት ላይ የተጠቀለለ ሽቦ ናቸው) በተከታታይ አገናኝቶ፣ 4 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚመልስ ዕቃ) በትይዩ አስሮባቸው 220 ቮልት ላይ ሰካቸው፤ እንዲህ ያለው ጥምር ሬዞናንስ ሰርኪዩት ይባላል። ከመስመሩ የሚገባው ወደ 0.05 አምፔር ሲሆን፣ በባላስቶቹና በካፓሲተሩ መካከል የሚዞረው ግን 0.26 አምፔር ሆኖ ተገኘ። ሁለቱንም በ220 ሲያባዛቸው የሚገባው 11፣ የሚዞረው 57 ወጣለት። ከዚያም ሰርኪዩቱ የተሰጠውን ከአምስት እጥፍ በላይ አድርጎ ይመልሳል ብሎ ደመደመ።

ንባቡ ትክክል ነው፤ እኔም ለክቼ ያንኑ አግኝቻለሁ። የምንለያየው ከማባዛቱ ላይ ነው። የተገኙት ቁጥሮች ቮልት አምፔር እንጂ ዋት አይደሉም ስለው «ጋሼ፣ ታዲያ ክላምፑ ይዋሻል?» ሲል ጠየቀኝ። ሽቦውን በመንጋጋው አቅፎ ከረንት የሚለካው ክላምፕ ሜትር አይዋሽም፤ ነገር ግን የሚያውቀው የአምፔሩን መጠን ብቻ ነው። አምፔሩ ከቮልቴጁ ጋር እኩል ይውጣ ይውረድ ወይም ሩብ ዑደት ይዘግይ ሊነግረን አይችልም። በባላስቱ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ከቮልቴጁ ሩብ ዑደት ያህል ይዘገያል፤ የካፓሲተሩ ደግሞ በዚያው መጠን ይቀድማል። በመሆኑም አንዱ ሲሰጥ ሌላው ይቀበላል፤ መስመሩ የሚጠየቀው በሽቦውና በብረቱ ውስጥ ወደ ሙቀት የሚለወጠውን ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ኢነርጂ ሲሰላ ደግሞ 0.18 ጁል ገደማ ነው። ይኸው 0.18 ጁል በየሴኮንዱ 100 ጊዜ እየተረከበና እየተመለሰ ነው 57 የሚባለውን ቁጥር የሚያስነብበው።

ይህን በወረቀት ላይ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ማሳመን ግን አልሆነም። ቀመሩን የጻፉት ሰዎች ይህን ሰርኪዩት አላዩትም የሚል ሰው ዘንድ ቀመር አያሸንፍም። ስለዚህ ለመለካት ተስማማን።

ከመለካት በፊት የተደረገ ስምምነት

ከዕቃ ግዢው ቀደም ብለን «ውጤት» የምንለው ምን እንደሆነ በጽሑፍ አሰፈርን፤ ለዚህ የጠፋው ጊዜ ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም የሰጠ ይመስለኛል። የተስማማንበት እንዲህ ይላል፦ ከሰርኪዩቱ ወጣ የሚባለው በሙቀት፣ በብርሃን ወይም በተጠራቀመ ኢነርጂ መልክ ከሰርኪዩቱ ውጭ የተወሰደው ብቻ ነው፤ በዙሩ ውስጥ የሚመላለሰው አይቆጠርም። እርሱም በበኩሉ፣ ዙሩ ውስጥ ጭነት ገብቶ ሲበራ የመስመሩ ፍጆታ ካልጨመረ ትርፍ መኖሩን እኔ እንድቀበል አስፈረመኝ። ጥያቄው ተገቢ ስለነበር ፈርሜያለሁ።

ዕቃና ወጪ

ኤልኢዲ መብራት ስለተስፋፋ ያገለገሉ የ36 ዋት ባላስቶች በምናለሽ ተራ በብዛት ይገኛሉ። 12 ባላስት በ90 ብር ሒሳብ 1,080 ብር፣ ከመርካቶ ባለ 450 ቮልት የሞተር ራን ካፓሲተር 4 ማይክሮፋራድ የሆነውን 6 በ280 ብር 1,680 ብር፣ ከሶማሌ ተራ ባለ 12 ቮልት 5 ዋት የመኪና አምፖል 6 በ40 ብር 240 ብር፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ዋት ሜትር 1,900 ብር፤ በድምሩ 4,900 ብር ሆነ። ቫሪያኩ (ቮልቴጅ የሚስተካከልበት ትራንስፎርመር)፣ ኦሲሎስኮፑ (የቮልቴጅን ሞገድ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) እና የማሠልጠኛ ሰሌዳ ላይ ያለው የዲስክ ቆጣሪ በወርክሾፑ ነበሩ።

ይህን ለመድገም የሚያስብ ሰው ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። የመጀመሪያው፣ የሞተር ማስነሻ ካፓሲተር ከራን ካፓሲተር በዋጋ ስለሚረክስ ያጓጓል፤ ነገር ግን ለጥቂት ሴኮንድ ሥራ የተሠራ በመሆኑ ያለማቋረጥ ሲሰካ ይግላል፣ ይፈነዳልም። ሁለተኛው፣ ካፓሲተሩ ብቻውን ከመስመር ሲነቀል እስከ 311 ቮልት ይዞ ሊቀር ይችላል። በካፓሲተሮቹ ጫፎች ላይ 100 ኪሎኦም የሆነ የ1 ዋት ሬዚስተር አሰርንበት፤ እርሱ ራሱ 0.5 ዋት ያህል ስለሚበላ ከሒሳቡ አልተዘነጋም።

አንደኛ ደረጃ፦ ክላምፕና ሦስት የቮልት ንባብ

0.05 አምፔርን በተለመደው ክላምፕ ሜትር በቀጥታ ማንበብ አይታመንም፤ መጨረሻው አሐዝ ወዲያና ወዲህ ይዘላል። ሽቦውን በክላምፑ መንጋጋ ውስጥ 10 ጊዜ አዙረን ንባቡን ለ10 አካፈልነው፤ ረጋ። ከረንቱ ካፓሲተር እየቀያየርን ብንሞክርም ወደ ዜሮ አለመውረዱ ወጣቱን አስገርሞት ነበር። ከፊሉ ምክንያት የባላስቶቹ ብክነት ነው፤ ከፊሉ ደግሞ የመስመሩ ቮልቴጅ ንጹሕ ሳይን ሞገድ አለመሆኑ፣ ማለትም ሃርሞኒክ የሚባሉ የ50 ኸርዝ ብዜት የሆኑ ሞገዶች የተቀላቀሉበት መሆኑ ነው። ካፓሲተር ለ250 ኸርዝ ሃርሞኒክ ለ50 ኸርዝ ከሚሰጠው በአምስት እጥፍ የቀለለ መንገድ ይሰጣል፤ ባላስቱ ግን በዚያ ፍሪኩዌንሲ ሊያስተካክለው አይችልም።

ቀጥሎ ዋት ሜትር ሳይኖር ዋት የሚለካበትን የሦስት ቮልት ዘዴ ሞከርን። ከሰርኪዩቱ ጋር በተከታታይ የ100 ኦም ሬዚስተር ይገባል፤ የምንጩ፣ የሬዚስተሩና የጭነቱ ቮልቴጅ ይነበባል፤ ከምንጩ ቮልቴጅ ስኩዌር ላይ የሁለቱ ስኩዌር ተቀንሶ ለሬዚስተሩ እጥፍ ይካፈላል። ካፓሲተሩን አውጥተን 220.4፣ 25.3 እና 216.0 ቮልት አነበብን፤ 6.4 ዋት ይሰጣል። ቁጥሩ ከጠበቅሁት ጋር ቢገጥምም ልቀበለው አልቻልኩም። ምንጩ በ0.5 ቮልት ብቻ ተሳስቶ ቢነበብ ውጤቱ በ1.1 ዋት ይዛባል፤ በእጃችን ያለው መልቲሜትር ደግሞ በ220 ቮልት ላይ እስከ 2 ቮልት ገደማ ሊስት ይችላል። እንግዲህ በዚህ ዘዴ 6 ዋትም 2 ዋትም 10 ዋትም ማለት ይቻላል። ፓወር ፋክተሩ (ዋቱ ለቮልት አምፔሩ ሲካፈል የሚገኘው) 0.12 የሆነን ጭነት መለካት ከባድ የሚሆነው በዚህ ነው፤ ብዙ የትርፍ ኢነርጂ ወሬ የሚወለደውም ከዚህ ክፍተት ውስጥ ይመስለኛል። ዘዴውን ተውነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የዲስክ ቆጣሪ

አንድ ጥንድ ባላስት የሚወስደው 6.6 ዋት ለዲስክ ቆጣሪ አነስተኛ ነው፤ ዲስኩ ሊንቀሳቀስም ላይንቀሳቀስም ይችላል። ስለዚህ 12ቱን ባላስት በስድስት ጥንድ አሰርን፣ 24 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨመርን። በቫሪያኩ 220 ቮልት ላይ ተስተካክሎ በባላስቶቹ በኩል 1.55 አምፔር፣ ከመስመሩ 0.3 አምፔር ተነበበ። በወጣቱ አሠራር የሚገባው 66፣ የሚዞረው 341 ነው።

የሰሌዳው ቆጣሪ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 600 ዙር ስለሚዞር አንዱ ዙር 6,000 ጁል ነው። ካፓሲተሩ ገብቶ አንድ ዙር 150 ሴኮንድ ፈጀ፤ ይህም 40 ዋት ነው። ከዚያ ካፓሲተሩን አወጣን። የመስመሩ ከረንት ከ0.3 ወደ 1.55 አምፔር ዘለለ። ዲስኩ አምፔር የሚቆጥር ቢሆን ኖሮ አንዱን ዙር በ30 ሴኮንድ ገደማ መጨረስ ነበረበት። የፈጀው ግን 143 ሴኮንድ ነው። ወጣቱ ጥቁሩ ምልክት ተመልሶ እስኪመጣ ከቆጣሪው ፊት ሳይነቃነቅ ቆሞ ነበር፤ ሰዓቱን የያዘውም እርሱ ነው።

የ7 ሴኮንዷን ልዩነት ግን አላለፋትም፤ ባያልፋትም ደግ አደረገ። በዋት ሲሰላ ልዩነቱ 2 ዋት ነው። ከቆጣሪው እስከ ጠረጴዛው ያለው ኬብል ስንለካው 0.5 ኦም ሆነ፤ 1.55 አምፔር ሲያልፍበት 1.2 ዋት ያቃጥላል፣ 0.3 አምፔር ሲያልፍበት ግን ከ0.05 ዋት አይበልጥም። የተቀረው 0.8 ዋት ከቆጣሪው የፌዝ ማስተካከያ የሚመጣ ነው፤ ፓወር ፋክተሩ 0.12 ላይ ሲሆን የአንድ ዲግሪ ስባሪ ስሕተት በቂ ነው።

ለነገሩ የአምፔርና የዋት ግርታ ከኤሲ መስመር ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ሻለንበርገር በ1888 ለዌስቲንግሃውስ የሠራው የኤሲ ቆጣሪ የሚቆጥረው አምፔር ሰዓት ነበር፤ መብራት ብቻ ለሚጠቀም ደንበኛ ያገለግላል፤ ሞተር ሲመጣ ግን ያልተበላውን ያስከፍላል። በቡዳፔስት የጋንዝ ፋብሪካ መሐንዲስ የነበረው ኦቶ ብላቲ በ1889 ያወጣው የኢንዳክሽን ቆጣሪ ቮልቴጁንና ከረንቱን በአንድ ዲስክ ላይ አገናኝቶ ዋት ሰዓት ቆጠረ። ፊታችን የሚዞረው ዲስክ የዚያ ዘር ነው።

በመሀል የተነሳ ክርክር

«ምንም ካልሆነ ፋብሪካዎች በፓወር ፋክተር ምክንያት ለምን ይቀጣሉ?» የሚለው የወጣቱ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሪአክቲቭ ኃይል፣ ማለትም ያ የሚመላለሰው፣ ምንም አይደለም አላልኩም፤ ሥራ አይሠራም ነው ያልኩት። የሚመላለሰው ከረንት ትክክለኛ ከረንት ነው፤ ሽቦ ያሞቃል፣ የትራንስፎርመር ቦታ ይይዛል። 100 ኪሎቮልት አምፔር የሆነ ትራንስፎርመር ፓወር ፋክተሩ 0.7 ከሆነ 70 ኪሎዋት ብቻ ያቀርባል፤ ወደ 0.95 ሲታረም 95 ኪሎዋት ይሸከማል። ካፓሲተር ባንክ የሚተከለው ለዚህ ነው። ፋብሪካው የሚያተርፈው ከቅጣትና ከኬብል ብክነት የዳነውን እንጂ ከየትም የመጣ ኢነርጂ አይደለም። የኛም ኬብል 1.2 ዋቱን ያተረፈው በዚሁ መንገድ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ደንበኛ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የመብራት ሒሳብ ይቀንሳል ተብሎ የተሸጠለትን ሳጥን አመጣልን። ከፈትነው፦ አንድ ካፓሲተር፣ አንዲት አረንጓዴ ኤልኢዲና ለእርሷ የተሠሩ ጥቂት ዲዮዶችና ሬዚስተሮች። የቤት ቆጣሪ የሚያስከፍለው በኪሎዋት ሰዓት በመሆኑ ሳጥኑ ከቆጣሪው ንባብ የሚቀንሰው ነገር አይኖርም፤ ኤልኢዲዋ ግን ትበላለች።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ጭነት በዙሩ ውስጥ

በስምምነቱ መሠረት ወሳኙ ሙከራ ይህ ነበር። ወደ አንዱ ጥንድ ተመልሰን ስድስቱን የመኪና አምፖሎች በተከታታይ ከባላስቶቹ ጋር፣ ማለትም ከረንቱ በሚዞርበት ቅርንጫፍ ውስጥ አስገባናቸው። በሩ፤ ብርሃናቸው ቀላ ያለ ነው፣ ምክንያቱም ለ0.42 አምፔር የተሠራ አምፖል 0.25 አምፔር ብቻ አግኝቷል። ወጣቱ ደስ አለው። የመስመሩ ከረንትም ወደ 0.08 አምፔር ገደማ ብቻ ከፍ አለ፤ በእርሱ ዐይን ስድስት አምፖል በ0.03 አምፔር ጭማሪ በርቷል።

ዋት ሜትሩ ከ6.6 ወደ 13.5 ወጣ። ጭማሪው 6.9 ዋት ነው። በአምፖሎቹ ጫፍ 28.6 ቮልት፣ በውስጣቸው 0.251 አምፔር ተነበበ፤ አምፖል ተራ ሬዚስተር ስለሆነ እዚህ ላይ ማባዛቱ ዋት ይሰጣል፦ 7.2 ዋት። አምፖሎቹ ከተጨመረው በ0.3 ዋት በልጠው ተገኙ! ይህቺን ቁጥር ሲያይ ወጣቱ እስክሪብቶውን አነሳ። የልዩነቱ ምክንያት ግን በንባቡ ውስጥ አለ፦ አምፖሎቹ ሲገቡ የዙሩ ከረንት ከ0.258 ወደ 0.251 ስለወረደ የባላስቶቹ የራሳቸው ብክነት ከ6.6 ወደ 6.3 ዋት ቀንሷል። 6.3 ላይ 7.2 ሲደመር 13.5 ነው። በመስመሩ ላይ የ0.03 አምፔር ጭማሪ ትንሽ የመሰለው፣ ጭማሪው ከቮልቴጁ ጋር እኩል የሚሄድ ሙሉ ዋት የሚያመጣ ከረንት ስለሆነና ቀድሞ ከነበረው የሪአክቲቭ ከረንት ጋር እንደ ተራ ቁጥር ስለማይደመር ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ የሙቀት ሣጥን

ዋት ሜትሩ ራሱ በዝቅተኛ ፓወር ፋክተር ይስት ይሆናል የሚለው ተቃውሞ ከሁለታችንም የመጣ ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መለኪያ የማያስፈልገው ሙከራ ፈለግን። ከቁራጭ ኮምፔርሳቶ ሣጥን ሠርተን 12ቱን ባላስቶችና ካፓሲተሮቹን ከተን፣ ከላይ ጥቂት ቀዳዳ ትተን፣ ውስጡ ቴርሞሜትር አንጠለጠልን። የመጀመሪያው ሙከራ መብራት በመጥፋቱ ተበላሸ፤ ሙቀቱ ለመርጋት ሰዓታት ስለሚፈልግ ከመሀል መቀጠል አይቻልም። ቀጣዩ ያለ መቋረጥ ሄዶ የክፍሉ ሙቀት 24 ዲግሪ ሳለ የሣጥኑ 58 ላይ ረጋ።

ከዚያ ከመስመሩ ነቅለን፣ ባላስቶቹን ከነቦታቸው ትተን፣ ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ባለ 21 ዋት የመኪና አምፖል በዲሲ ፓወር ሳፕላይ አበራን። ዲሲ ላይ ቮልት በአምፔር ያለ ክርክር ዋት ነው። ሣጥኑ ተመልሶ 58 ላይ የረጋው ለአምፖሎቹ 41 ዋት ሲሰጥ ነው። የዲስኩ 40፣ የሣጥኑ 41። የቴርሞሜትራችን የግማሽ ዲግሪ ጥርጣሬ በእያንዳንዱ ንባብ አንድ ተኩል በመቶ ያህል ስለሆነና የሣጥኑ ሙቀት ሁለት ጊዜ ስለተነበበ ሁለቱ አንድ ናቸው። 341 ዋት በዚያ ሣጥን ውስጥ ቢኖር ኖሮ ኮምፔርሳቶውን ባጨሰው ነበር።

አምስተኛ ደረጃ፦ መንቀል

ይህ አጭር ነው። የኦሲሎስኮፕ ፕሮብ መሬት በቀጥታ ከመሬት መስመር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ፌዝ ላይ ሊታሰር አይገባም፤ ሁለት የአሮጌ ዩፒኤስ ትራንስፎርመሮችን ጀርባ ለጀርባ አገናኝተን ከመስመሩ ነጠልነው። ቮልቴጁ በመጠኑ ወረደ፣ ለዚህ ሙከራ ግን ግድ የለም። ከትራንስፎርመሩና ከዙሩ መካከል ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጥ ማብሪያ አደረግን። ማብሪያው ሲቆረጥ ሞገዱ በየ0.05 ሴኮንዱ ወደ ሲሶው ገደማ እየወረደ ከ0.2 ሴኮንድ በኋላ ከስክሪኑ ጠፋ። ከሚገባው በላይ የሚመልስ ዙር ሲነቀል ማደግ እንጂ መሞት አልነበረበትም።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ክርክሩ ወደ ፐልስ ተዛወረ

ወጣቱ የ50 ኸርዙን ጉዳይ ዘጋ። ሆኖም ትርፉ ያለው በፈጣን ፐልስ፣ ማለትም በቅጽበት በሚለቀቅና በሚቋረጥ ከረንት ነው በማለት በ12 ቮልት ባትሪ፣ በሞስፌት (ፈጣን የኤሌክትሮኒክ ማብሪያ)፣ በጥቅልል ሽቦና በዲዮድ የተሠራ ሰርኪዩት አመጣ። የኦሲሎስኮፑ የማባዣ ተግባር ከባትሪው የሚወጣውን አማካይ ኃይል ኔጋቲቭ ያሳያል፤ ማለት ባትሪው እየሠራ ይሞላል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሻንቱን፣ ማለትም ከረንቱ የሚለካበትን ትንሽ ሬዚስተር ነው። የገባው 0.25 ኦም የሆነ ባለ ሲሚንቶ ሬዚስተር ነው፤ በውስጡ ያለው የተጠቀለለ ሽቦ ነው። እንዲህ ያለ ሬዚስተር ከነእግሮቹ 0.1 ማይክሮሄንሪ ያህል ቢኖረው፣ 1 አምፔር በ50 ናኖሴኮንድ ሲቋረጥ 2 ቮልት ያመነጫል፤ እውነተኛው ንባብ ግን 0.25 ቮልት ብቻ ነው። ስኮፑ የሚያባዛው ይህን ሐሰተኛ ሹል ነው። አራት ባለ 1 ኦም ሜታል ፊልም ሬዚስተሮችን እግራቸውን አሳጥረን በትይዩ ስንተካው ኔጋቲቩ ወደ ፖዘቲቭ ተመለሰ። ከዚያም ከባትሪው በኋላ ሁለት ባለ 10,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገብተን ከረንቱን ካለዘብን በኋላ በተራ መልቲሜትር 12.0 ቮልትና 0.34 አምፔር፣ ማለትም 4.1 ዋት አነበብን።

ይህ ዓይነቱ ማሽን አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ጆሴፍ ኒውማን ከባትሪ በሚነሳ ግዙፍ ጥቅልል ተመሳሳይ ነገር ይል ነበር፤ የፓተንት ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ የአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርዶች ቢሮ በ1986 ማሽኑን ሲለካ ቅልጥፍናው ከ26 እስከ 67 በመቶ ሆኖ ተገኘ።

ባትሪ ምን ያህል ኢነርጂ እንደያዘ በቮልቴጁ ማወቅ አይቻልም፤ ጥቂት ሲያርፍ አሲዱ ወደ ፕሌቶቹ ስለሚደርስ ቮልቴጁ በራሱ ይነሳል፣ ይህም መሙላት ይመስላል። ስለዚህ ባትሪውን አውጥተን አምስት ባለ 22,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮችን ተካን፤ በድምሩ 0.11 ፋራድ። ከ12.6 ወደ 6 ቮልት ሲወርድ የሚሰጠው 6.75 ጁል ነው። ሰርኪዩቱ ያንን 3 ሴኮንድ ሳይሞላ ጨረሰው። የጥቅልሉን መልስ በዲዮድ ወደ ካፓሲተሮቹ ስንመልሰው ወደ 4 ሴኮንድ ተራዘመ። የተመለሰው ኢነርጂ እውነተኛ ነው፤ ቮልቴጁን ከመውረድ ግን አላስቆመውም።

አሁን ያለንበት

የወጣቱ የመጨረሻ መከራከሪያ ትርፉ የሚፈጠረው በባትሪው ኬሚካል ውስጥ ስለሆነ ካፓሲተር አያሳየውም የሚል ነው። በጽሑፍ የተስማማንበት ሙከራ ይህ ነው፦ ሁለት ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪዎች ሙሉ ተሞልተው በ0.35 አምፔር እስከ 10.5 ቮልት ይራገፋሉ፤ እንደገና ተሞልተው አንዱ ሰርኪዩቱን ያንቀሳቅሳል፣ ሌላው መልሱን ይቀበላል፤ በመጨረሻም ሁለቱም እንደገና ይራገፋሉ። የሁለተኛው ርግፈት ድምር ከመጀመሪያው ከበለጠ እርሱ ያሸንፋል። የመጀመሪያው ርግፈት ተጠናቋል፤ 7 ተብሎ የተጻፈባቸው ባትሪዎች አንዱ 5.8፣ ሌላው 5.5 አምፔር ሰዓት ሰጡ። አሁን ቻርጀር ላይ ናቸው።